እንጥል የሌለው የጉሮሮ ሐኪም

በጃንሆይ መንግሥት ወጪ ባሕር ማዶ ዓመታት ተቀምጬ፣ የሕፃናትን ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ በቀዶ ጥገና ማከም ተምሬ ወደ ተወለድኩባት ነቀምቴ ስመለስ፣ አገሩ መንግሥት እንጥል ቆራጭ አስተምሮ የላከለት መሰለው። የሚያስለው፣ ጡት አልጠባም ያለው፣ ጥርሱ የዘገየበት ልጅ ሁሉ እንጥሉ እንዲቆረጥለት እኔ ዘንድ ይመጣል። አልቆርጥም ስል ያዝኑልኛል፤ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ እንጥል መቆረጥ በልጆች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጠናለሁ ብዬ ወፍራም ደብተር ከፍቼ ነበር።

አንድ ማለዳ ቢላ ከተባለችው ከተማ አንዲት እናት፣ ከአፏ ደም የሚፈሳትን የሦስት ዓመት ልጇን በጭነት መኪና ይዛ መጣች። የልጅቷ እንጥል የተቆረጠው በዋዜማው ነው። ደሙን ለማቆም እስከ ቀትር ታገልኩ፤ ደግነቱ ተረፈች። እናትየዋ ጀርባ ላይ ግን ገና ሰባት ወር ያልሞላው የልጅቷ ወንድም ታዝሏል።

«እሱንስ?» አልኳት።

«እሱ ቅዳሜ ነው ቀጠሮው።»

ቆራጩም ልጅቷን የቆረጣት ያው ሰውዬ ነው። ደሜ ፈላ። ስለ ዛገ ስለት፣ ስለ ቁስል መመረዝ፣ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ፣

«ማሎ፣ እባክዎ ዶክተር፣ አንዴ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች።

እልህ ይዞኝ ከፈትኩ። አጎንብሳ አየችና ፊቷ በራ።

«ይኸው! የእርስዎም የለም። ተቆርጠው አይደል እንዴ ዶክተር የሆኑት?»

ደብተሬ ትዝ አለኝ። የስንቱን ጉሮሮ ስመዘግብ የራሴን ዘልዬዋለሁ።

«መንታ ነበርን» አልኳት ሳላስበው። «በአንድ ቀን፣ በአንድ ስለት ተቆረጥን። ወንድሜ ሳምንት አልቆየም።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እቤታችን የገደለው ምች ነው ይባላል፤ ያስቆረጠችን እናቴ እንዳታዝን፣ ሐኪም ከሆንኩ በኋላም ምች እያልኩ ኖሬያለሁ።

ሴትየዋ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

በሳምንቱ ልጅቷን ለማስመርመር ስትመጣ፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ሳልጠይቃት አገጩን ያዘችና አፉን ከፈተችልኝ። ጮኸ። እንጥሉ እቦታው ነበር።

ያን ቀን ደብተሬን ገልጬ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። የሞተበት ምክንያት በሚለው ሥር ምች በማለት ፈንታ እንጥል መቆረጥ አልኩ። ደብተሩን ግን፣ እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ብትሆንም፣ ቤት ይዤው አልገባሁም።