ዒምራን ያሳየው ውሃ

ዒምራን ከቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ፎቶ ቤት ያለው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው ነው። ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ሰርግ ሲገኝ ሰርግ ይሄዳል። ከጦርነቱ በፊት ቤቱ የደመቀ ነበር። ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩም፣ ማተሚያውም፣ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ሳይቀር ተጭኖ ሄደ። ካሜራውና ረጅሙ ሌንስ የተረፉት ሚስቱ ዚነት በርበሬ ጆንያ ውስጥ ስለደበቀቻቸው ነው።

ተኩሱ ሲበርድ ወደ ፎቶ ቤቱ ቀድመው የመጡት ጉርድ ፎቶ ፈላጊዎች አልነበሩም። ልጃቸውን የቀበሩ፣ ወይም የት እንደወደቀ ያላወቁ እናቶች ነበሩ። «እዚህ ተነሥቶ ነበር፤ መልኩን ብቻ አውጣልኝ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ተዘርፏል፣ ፎቶውም አብሮ ሄዷል ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም። እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ እናት ይህን መልስ መቀበል አቃታቸው። ገበያ በዋለ ቁጥር እየመጡ ደጁ ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬም አልተገኘም?»

«አልተገኘም እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዒምራን የሰው ፊት በሌንስ ማየት ያስጠላዋል። ደንበኛውን «ነገ ተመለስ» ብሎ ይሸኝና በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ከጎብዬ በታች ካለ መንደር ሰርግ ሲያነሣ አድሮ ሲመለስ፣ የተሳፈረባት ባጃጅ ጨፌው ዳር ተበላሸች። ጨፌው ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሚተኛበት፣ ሣርና ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነው። ጉሙ መሬት ላይ ተነጥፎ የከብቶቹ ቀንድ ብቻ ነበር የሚታየው። ነጂው ሞተሩን ሲነካካ ዒምራን የዳክዬ ጫጫታ ሰምቶ ወደ ውሃው ጠጋ አለ። አንድ ነጭ ነገር ከፊቱ ቀና አለ። ሽመላ ነው። ከጎኑ ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። ቀይ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ተክለው ቆመዋል። አዩት፤ አይተውም ተዉት። ዒምራን ካሜራውን ከቦርሳው አወጣ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነበት። ብርዱ በገባ ጊዜ ሱብሂ ሰግዶ፣ ቦቲውን አጥልቆ፣ በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ጎብዬ ይወርዳል። ጉም ውስጥ ካሜራው በራሱ ምስል ማጥራት አይሆንለትም፤ ሌንሱን በእጁ እያዞረ ነው የሚያጠራው። መስታወቱ እንዳያልበው ከኮቱ ሥር ሸጉጦ፣ ትንፋሹን ወደ ጎን እየለቀቀ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ፀሐይ ጉሙን ልትገፈው ስትል ውሃውም ሰማዩም አንድ ወተት መስለው ወፎቹ ብቻ ጎልተው የሚወጡባት አጭር ጊዜ አለች። ለእሷ ሲል ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ይቆያል።

«የኢቅራ አባት፣ ሰው እየታዘበን ነው» አለችው ዚነት በልጃቸው ስም ጠርታ። «ሌላው ለእንጀራው ይነሣል፣ አንተ ለወፍ።»

«ወፎቹ ስለ ማንም አይጠይቁኝም» አላት።

በማግስቱ ግን ሲወጣ ኮት ኪሱ ውስጥ ቆሎ ተጨምሮለት አገኘ።

ምርጥ ምርጦቹን አሳትሞ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ደንበኛው አየት አድርጎ ያልፋል፤ «ወፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ሙሉጌታ ግድግዳው ፊት ቆሞ ሲቀር ዒምራን ልቡ የሞቀው። ሙሉጌታ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመስኖ መሐንዲስ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ገብቶ ነበር።

«ጋሽ ዒምራን፣ ይኼ የት ነው?»

«እዚሁ፣ ጎብዬ ታች።»

«በጋ ላይ ነው የተነሣው?»

«ታኅሣሥ። ቢፈልጉ እወስድዎታለሁ።»

ወሰደው። ዒምራን በጣቱ ሽመላዎቹን፣ ዳክዬዎቹን፣ ደንገሉ ውስጥ አንገቱን የደፋውን ሳቢሳ እያሳየ በሹክሹክታ ያወራል። ሙሉጌታ ደንገል ሰብሮ ጥልቀቱን ይለካል።

«ውሃው እስከ መቼ ይቆያል?»

«እስከ ሚያዝያ። እነሱ ከሄዱም በኋላ አይደርቅም» አለ ዒምራን በኩራት፣ የራሱን ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው።

«ይኼ ቦታ ትኩረት ይገባዋል» አለ ሙሉጌታ። «ፎቶዎቹን ይስጡኝ፤ ለሚመለከታቸው አሳያለሁ።»

ዒምራን ያን ቀን እየተጣደፈ ነው የተመለሰው። ፎቶዎቹን በጥሩ ወረቀት አጉልቶ አሳተማቸው፤ በፍላሽም ጨመረለት። ሰዎች መጥተው ጨፌውን ይከልሉታል፣ ምናልባት ከሩቅ ሀገር እንግዳ ይመጣል፣ እኔም መንገድ አሳያለሁ እያለ ሲያልም ሰነበተ። ጎብዬ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ የሰርግ ኮቱን ለብሶ ሄደ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ከተቀመጡት ገበሬዎች መካከል የዚነት ወንድም ከማሉዲን አለ። በሬዎቹን በጦርነቱ አጥቶ በሰው መሬት የሚያርስ፣ ልጆቹ ገና ያልደረሱለት ሰው ነው። መብራቱ ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ በራ። የመጀመሪያው ምስል የዒምራን ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ከሁሉ አብልጦ የደከመበት። ግን አንድ ነገር ጎደለው። ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። ወፎቹ ተቆርጠዋል። ከጫፍ ላይ አንድ ቀይ እግር ብቻ ቀርታለች። የተረፈው ውሃ ነው፤ ውሃው ላይ ቦዩ በየት በኩል እንደሚቆፈር የሚያሳይ ቀይ ቀስት ተሥሏል።

ሙሉጌታ አስረዳ። ጨፌው ተጠንፍፎ፣ ውሃው በቦይ ተስቦ፣ መሬት ለሌላቸው ሽንኩርት የሚያለሙበት ይከፋፈላል። አዳራሹ አጨበጨበ። ዒምራን እጁን አወጣ።

«ፎቶዎቹ የእኔ ናቸው» አለ። «እዚያ ሽመላ አለ። ከሩቅ ሀገር ነው የሚመጣው። ለአንበጣ እንኳ መድኃኒቱ እሱ ነው። ጨፌው ከደረቀ የት ያርፋል?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ከማሉዲን ግን አልሳቀም። ተነሣና ቆብ ያደረገ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ዒምራን የእህቴ ባል ነው፤ አከብረዋለሁ። እሱ እዚያ የሚሄደው ልቡን ሊያሳርፍ ነው። እኔ ልቤ የሚያርፈው ልጆቼ ጠግበው ሲያድሩ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ። ዒምራን ተቀመጠ። ያንገበገበውም ከማሉዲን መናገሩ አልነበረም፤ የተናገረው ነገር ሐሰት አለመሆኑ ነው።

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር።

«ወንድሜን በሰው ፊት መሬት ልታስከለክለው?» አለች ዚነት።

«ያንን ውሃ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፣ ዚነት።»

«እንኳን አሳየሃቸው! አላህ በአንተ እጅ ለከማሉ በር ከፈተለት። አንተ ግን የከፈትከውን መልሰህ ልትዘጋው ትታገላለህ።»

ዒምራን እራቱን ሳይነካ ተኛ።

የካቲት ላይ እስካቫተር ገባ። ዒምራን አልሄድም ብሎ ሄደ። ደንገሉ ከነሥሩ እየተገነደሰ በጥቁር ጭቃ ተከምሯል፤ ውሃው በአዲሱ ቦይ እየደፈረሰ ይወርዳል። ሙሉጌታ ከሩቅ አይቶት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ጋሽ ዒምራን! ያለ እርስዎ ፎቶ ይኼ ሥራ አይጸድቅም ነበር፤ ለአለቆቼም ነግሬያቸዋለሁ» አለው ከልቡ። ምርቃት የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። ዒምራን እጁን ጨበጠው፤ «ደግ» አለና ተመለሰ። ሌላ ምን ይላል?

በቀጣዩ ዓመት ጨፌው የሽንኩርት መደብ ሆነ። ለከማሉዲንም ደረሰው። መሬቱ ድንግል ነውና ሽንኩርቱ እንደ ቡጢ አበጠ። ልጆቹ ጫማ አደረጉ፤ በግቢው ጥጃ ታሰረች። ዚነት ይህን ስታወራ ዒምራን «አልሀምዱሊላህ» ይላል፤ የሚለውም እውነቱን ነው። ካሜራውን ግን ከሰርግ በቀር ከፎቶ ቤቱ አላወጣውም። የወፎቹንም ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ ቦታቸው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ሰቀለ።

ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከማሉዲን ስልክ ደወለ።

«ቶሎ ና» አለ። «ብቻህን።»

ጉሙ እንደ ድሮው ወፍራም አልነበረም፤ ከቦዩ ላይ ብቻ ሳሳ ብሎ ይነሣል። ከማሉዲን የመደቡ ጫፍ ላይ አካፋ ይዞ ቆሟል። ከኋላው በመደቦቹ መካከል ሽመላዎች ወድቀዋል። ክንፋቸው ተዘርግቶ ጭቃ ለብሷል። አንዱ ገና አልሞተም፤ አንገቱን ሊያነሣ ይሞክራል፣ ይመልሰዋል።

«ለትሉ መድኃኒት ረጭቼ ነበር» አለ ከማሉዲን። «ትሉን ለቅመው በሉ መሰለኝ። ወላሂ አላወቅሁም፣ ዒምራን። እንደሚመጡም አልመሰለኝም፤ ውሃው የለ።»

ዒምራን ገና ወዳልሞተው ሄዶ ጎኑ ቁጢጥ አለ። ሽመላን ይህን ያህል በቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ጥቁር። እስኪያበቃ ድረስ ጠበቀው።

ከዚያ አካፋውን ተቀበለና መቆፈር ጀመረ። ከማሉዲን በዶማ አገዘው። ጉድጓዱ ሊሞላ ሲል ከማሉዲን ላቡን እየጠረገ፣

«አታነሣቸውም?» አለ። «ካሜራህን ይዘህ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ቢታይ እኮ ምናልባት ሰው...»

«ለማን ላሳየው?» አለ ዒምራን።

ከማሉዲን አንገቱን ደፍቶ አፈሩን መለሰ።

ፀሐይ ስትወጣ ባጃጅ ጠርቶ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጫነለት። ዒምራን እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። መንገዱን ሙሉ ነጂው ዘንድሮ ገበያው እንዴት እንደሆነ ሲያወራለት፣ እሱም እሺ፣ እሺ ሲል ቆቦ ደረሱ።

ዚነት ጆንያውን ፈትታ አየችና ፊቷ በራ። «ከማሉ ነው የሰጠህ? አላህ ይጨምርለት። ቲማቲምም ሊሞክር ነው አሉ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አላት።

ቦቲውን ደጅ አውልቆ፣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና ፎቶ ቤቱን ሊከፍት ወጣ።