አቧራ ያልሆነችው ነጥብ

እሷና የእህቷ ባል አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እየሠሩ ዓይንና ናጫ ሆነው ነው የኖሩት። እሱ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ያነሳል፤ እሷ ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተጎልታ እሱ ያቆሸሸውን ታጸዳለች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ከሥራ ውጪ አይነጋገሩም፤ ያም ንግግር ከተባለ።

ሰውዬው ሌንስ የሚቀይረው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ንፋስ እየነፈሰ ነው። አቧራው ካሜራው ሆድ ውስጥ ይገባና ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን ሕፃን፣ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይወጣል። "ኧረ ካሜራህን አጽዳ!" ስትለው "ታዲያ አንቺን ለምን አስቀመጥኩሽ?" ይላታል። በደንበኛ ፊት "ጽዳት" እያለ ነው የሚጠራት፤ ስድ!

አቧራው ቦታ ስለማይለውጥ፣ በዚያ ፎቶ ቤት አንዱን ፎቶ ያጸዱና ያንኑ ጽዳት ፕሮግራሙ በሌሎቹም ላይ እንዲደግመው ያዙታል። ግን ልብ ይፈልጋል። ከአቧራው ጋር የደንበኛውን ብጉር አብሮ የጠረገ ሰው፣ ያንን ጽዳት ሌላ ሰው ፊት ላይ ቢገለብጠው ጉድ ይፈላል። ሁሉም የሚቀመጠው አንድ ወንበር ላይ ነዋ!

የእህቷ ልጅ ቤት ተከራይታ ስትወጣ የእናቷን ፎቶ ፈለገች። እናቷ የሞተችው ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ መልኳን አታውቀውም። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ የላትም ቢባል ማን ያምናል? የሰው ሚስት ሲያነሳ እየዋለ፣ የራሱን ግን በሁለት ደንበኞች መሃል አንዴ ቁጭ አድርጎ አነሳት፤ በቃ። ያም ፎቶ በአቧራ የተወረረ ነው። "ያቺን ሴትዮ ከምለምን ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ሰውዬው ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ በተነሳችበት ቀን የተነሳ የአንድ ሙሽራ ፎቶ ቀድሞ የጸዳ አገኘ፤ ጽዳቱን ገልብጦ ሚስቱ ላይ ለጠፈው። አሳተመ፣ ፍሬም አስገባ፣ ለልጁ ሰጠ።

አክስትየው ልጅቷ ቤት ሄዳ ግድግዳው ላይ ስታየው ክው አለች። በእህቷ ግራ ዓይን ሥር የነበረችው፣ ማርያም የሳመቻት ምልክት፣ የለችም! ልጆች ሳሉ "እኔንስ ለምን አልሳመችኝም?" ብላ በቅናት ያለቀሰችባት ነጥብ።

በማግስቱ ዋናውን ፋይል ፈልጋ አገኘችው። አቧራውን አንድ በአንድ ለቅማ ያቺን ብቻ ተወቻትና ልጅቷን ጠራቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች።

"አክስቴ፣ እዚህ ጋ አንድ ቀርቶብሻል፤ አጥፊልኝ።"

"አቧራ አይደለችም! የእናትሽ ናት! ማርያም የሳመቻት ናት!"

ያልጸዳውን የእናቷን ፎቶ ከፍታ አሳየቻት። ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶው ላይ ሁሉም ያው ነጥብ ነው።

"እና ይሄ ሁሉ ማርያም የሳመቻት ነው?" አለች ልጅቷ።

"ስሚኝ እንጂ! አቧራ ቢሆን የዚያን ቀን በተነሳው ሁሉ ላይ እዚያው ቦታ ይገኝ ነበር። ነይ እይ!" ብላ የሙሽራውን ፎቶ፣ ያልጸዳውን፣ ከፈተች። እዚያው ቦታ፣ ልክ በግራ ዓይኑ ሥር፣ ያኔ ከአቧራው ጋር አብራ የጠረገችው ያ የተረገመ ብጉር ጉብ ብሏል።

"ይኸው እሱም ላይ አለ!" አለች ልጅቷ።

"እሱማ ብጉር ነው!"

"ስትፈልጊ ብጉር፣ ስትፈልጊ ማርያም። ለአባዬ ባለሽ ጥላቻ የእናቴን ፊት ታበላሺብኛለሽ?"

አክስትየው የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ሰውየውን ተጣራች። መጥቶ በሩን ተደገፈ። በስንት ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነችው።

"በሞተችው ይሁንብህ፣ እኔን ተወኝ፤ ለልጅህ ስትል እውነቱን ንገራት።"

ስክሪኑን ትክ ብሎ አየ።

"እኔ አላስታውስም" አለ። "አክስትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ነጥብ ስትለቅም ኖራ፣ ዛሬ ደግሞ መትከል ጀመረች።"

ልጅቷ ሳቀች። "የተሰቀለው ይበቃኛል። እናቴ ንጹሕ ሆና ነው የምትታየው" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

"ዋሽተሃል" አለች አክስትየው።

"አዎ ዋሽቻለሁ!" ጠጋ አላት። "በግራ ዓይኗ ሥር ነበረች። ስንቴ ስሜያታለሁ፣ እንዴት እረሳታለሁ? ግን አንቺን ልክ ነሽ ከምል፣ ልጄ እናቷን ሳታውቃት ብትኖር ይሻለኛል።"