አማቴና ያልተዘጋው የአውሮፕላን በር

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ሰማይ ላይ እንዳለን አማቴ እጄን ጧ አድርገው መቱኝ። እግዜር ይስጣቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። አማቴ ጋሽ ደሴ የታች ጋይንት ገበሬ ናቸው። ላሊበላ ተሳልመው ወደ እኛ ቤት ሊመጡ ሲሉ «በመኪና ከሚንገላቱ እኔ ባሕር ዳር ላድርስዎት» ብዬ ለመንኳቸው። እውነቱን ለመናገር... ትንሽ ልታይ ፈልጌም ነው። የባለቤቴ አባት ናቸዋ!

ባለ አራት መቀመጫዋ አውሮፕላን ውስጥ ወፍራም ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከመነሳቴ በፊት በእሳቸው በኩል ያለውን በር በእጄ ገፍቼ መሞከር ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? በአማቴ ደረት ላይ ተንጠራርቼ፣ ጋቢያቸውን እየጎተትኩ? ይሉኝታ ያዘኝ።

«ተዘግቷል ጋሼ?»

«ተዘግቷል።»

ተነሳን።

አገራቸውን ከላይ ላሳያቸው ብዬ ወደ አርብ ገበያ ዞር አልኩ። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው «ያ የኛ ቤተ ክርስቲያን አይደል? ወይ ጉድ፣ ማሳዬ እንዲህ ታንሳለች?» ይላሉ።

ድንገት ጓ! በሩ አራት ጣት ያህል ተከፈተ። ነፋሱ ጆሮ ይበጥሳል፣ የጋቢው ጫፍ ውጭ ይርገበገባል። ለካ ጋቢው በሩ ላይ ተቆንጥጦ መቆለፊያው አልያዘም ኖሯል።

አሰልጣኜ ስንቴ ነግሮኛል! የተከፈተ በር አውሮፕላን አይጥልም፤ የሚጥለው አብራሪው በሩን እዘጋለሁ ሲል ነው። ያን ሰዓት ግን ቀበቶ ማሰራቸውን እንኳ ረስቼ፣ የታየኝ አማቴ ሲወድቁ ብቻ ነው። መሪውን ለቅቄ በሁለት እጄ በሩን ስጎትት አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ተጋድማ አፍንጫዋን ደፋች። ከታች ያለው ገደል በመስኮቱ ወደኛ መጣ...

ያን ጊዜ ነው እጄን የመቱኝ።

«እርፉን ያዝ! እርፉን ያዝ አልኩህ! ጅራፍ ወደቀ ተብሎ እርፍ ይለቀቃል?»

የማረሻውን እጀታ ማለታቸው ነው። ለእሳቸው መሪውም እርፍ ነው።

«በሩ ጋሼ...»

«በሩ የት ይሄዳል? አንተ እረስ!»

መሪውን ያዝኩ። ክንፎቿን አስተካከልኩ፣ አፍንጫዋን ቀና አደረግሁ። እውነትም በሩ እንደተከፈተ ደህና አድርጋ ትበራለች። እሳቸው የጋቢውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰብስበው አባታችን ሆይ ይደግማሉ። እስከ ባሕር ዳር በዚያ ጩኸት ሄደን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አረፍን።

ሞተሩን አጥፍቼ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። በሩን ራሴ ማየት ነበረብኝ» አልኳቸው።

ሳይመልሱልኝ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤቴ ናት። አለቀልኝ አልኩ... አባቷን ልገድልባት ነበር እኮ!

«ደርሰናል ልጄ» አሏት። «ትንሽ ነፋስ ነበር። ባልሽ ደህና አራሽ ነው።»

ነፍሴንም ትዳሬንም በአንድ ቀን ላተረፉልኝ አማቴ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ... ባለቤቴ ብቻ ይህን ባታነብብኝ።