ሲሶ ከእርቦ ይበልጣል

ያ ርዕሰ መምህር አሁን አርጅቷል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በተገናኘን ቁጥር እጁን ይዘረጋልኛል። እጨብጠዋለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

በደርግ ጊዜ፣ የመሬት አዋጁ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሐይቅ ላይ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ራሽናል ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ተሳሳተ። አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል አሉ። አራት ከሦስት ይበልጣላ! ክብ እየሣልሁ ቆራርጬ አሳየኋቸው። ገለበጡት፤ በማግስቱ ያንኑ ስህተት መልሰው አመጡልኝ።

የገበሬ ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው እስከ አዋጁ ድረስ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖረዋል፤ ለባለመሬቱ ከምርቱ አንዳንዱ ሲሶ፣ አንዳንዱ እርቦ ይሰጥ ነበር። ሲሶ አንድ ሦስተኛ ነው፣ እርቦ አንድ አራተኛ። ቁጥሮቹን አጠፋሁና ሰሌዳው ጥግ ላይ በአማርኛ ጻፍሁ፤ «ለባለመሬቱ ሲሶ መስጠት ይሻላል ወይስ እርቦ?»

«እርቦ ነዋ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

ከኋላ አንዷ ልጅ፣ «ወላሂ ቲቸር፣ አባቴ ሲሶ ሲያስረክብ ውሎ ከመጣ ማንንም አያናግርም ነበር። እርቦማ በስንት ጣሙ!» አለች። ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛና አራተኛን ያምታታ አልነበረም።

ከዜሮ በታች ስንወርድ ሌላ ጣጣ መጣ። ሲሶ ከበለጠ ኔጌቲቭ ሲሶም ይበልጣል አሉ። በመስኮት ሐይቁን አሳየኋቸው።

«የውሃው ፊት ዜሮ ነው እንበል። አንዱ ድንጋይ ሲሶ ክንድ፣ ሌላው እርቦ ክንድ ሰምጧል። የቱ ነው ከላይ ያለው?»

«እርቦው!»

«የሚበልጠውም እሱ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ሲከታተል ነበር። ሲወጣ፣ «ግሩም ነው፣ ለሌሎቹ መምህራንም አሳያቸው» አለኝ። በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

የባለመሬቱን ጥያቄ ከሰሌዳው ጥግ አላጠፋሁትም ነበር። በሳምንቱ ከደሴ የመጣ ልጅ እግር ካድሬ ክፍሌ ገብቶ አነበበውና ወጣ። ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ሁሉ ተሰበሰብን።

«ጓድ መምህርት» አለኝ ካድሬው፣ «አብዮቱ የቀበረውን ሲሶ ለምን ቆፍረሽ ታወጪዋለሽ? ባለመሬቱ ናፈቀሽ?»

«ክፍልፋይ እንዲገባቸው ነው።»

«ሌላ ምሳሌ ጠፋ?»

«ካለህ ስጠኝ፤ ነገ በሱ አስተምራለሁ።»

አንድ መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ።

«ግለ ሂስ አድርጊ። አጥፍቻለሁ በይና እዚሁ ቆይ። አለዚያ አምባሰል ተራራ ላይ መምህር የጎደለው ትምህርት ቤት አለ።»

ሐይቅ መቆየት እፈልግ ነበር። ምክንያቱ የራሴ ነው፤ ነገር ግን አጥብቄ እፈልግ ነበር። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞርሁ። «እርስዎ አይተውታል። ግሩም ነው ብለውኛል። ይናገሩ እንጂ።»

የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ፤ መልሶ ከደነው። «እኔ እንኳ ለጥቂት ደቂቃ ነበር የገባሁት። ልብ አላልሁትም።»

ያን ጊዜ ከማንም ምንም እንደማልጠብቅ ገባኝና ተነሣሁ። «ባለመሬቱ ሄዷል፤ እሰየው። ሲሶ ግን ዛሬም ከእርቦ ይበልጣል። ይህን አጥፍቻለሁ አልልም።»

አምባሰል ሰደዱኝ። ግሸን የሚሳለም መንገደኛ ቁልቁል የሚታይበት መንደር ነው። በመጀመሪያው ቀን ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። እዚያ ሐይቅ ስለሌለ የገደሉን አፋፍ ዜሮ አደረግሁት። ልጆቹ ገደል ያውቃሉ፤ ከአፋፉ ሲሶ ገመድ የወረደው እርቦ ከወረደው በታች እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ብዙ ዓመት እንደዚያው አስተማርሁ። የሚጠይቀኝም ቢመጣ መልሴ ዝግጁ ነበር።

በቅርቡ ርዕሰ መምህሩ እጄን እንደያዘ፣ «ያን ጊዜ እኮ ሰው ምን ማድረግ ይችል ነበር?» አለኝ።

«እኔ ያደረግሁትን» አልሁት፤ እጄንም ወሰድሁ።