ፖስታውን ማን ከፈተው?

የእኛ ሰዎች ወደዚህ አገር ሲመጡ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ሲቀልዱብኝ «ኤምባሲ» ይሉኛል። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስልክ ሳነሳ ግን ድምፄ ራሱ ይለወጣል። «ካፖርት ተሸክመሽ እንዳትመጪ፣ እዚሁ ይገኛል። መነጽርሽን ሁለት አድርጊ። የቤት ውል ከመፈረምሽ በፊት የሻወሩን ውሃ ክፈቺና ሙቁ እስኪመጣ ጠብቂ። ያልገባሽን ነገር ደግሞ እሺ እሺ አትበይ፣ ጠይቂ።» ይቺን የመጨረሻዋን በተለይ አጥብቄ ነበር የምመክረው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። አገር ቤት ስድስት ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። እዚህ አገር ደግሞ ከውጭ የመጣ ነርስ ወደ ሙያው የሚመለሰው በዓመት አንዴ በሚከፈት ስልጠና ብቻ ነው። ለመመዝገብ የትምህርት ውጤቷን ትምህርት ቤቷ ራሱ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ክዳኑ ላይ ማህተም መትቶ መስጠት አለበት። እህቴ ልጅቷን ስትሸኝ ደውላ «ካንቺ ሌላ ማን አላት፣ አደራሽን» እያለች አለቀሰች። «እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች!» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ልጅቷ እሁድ ቀን ገባች። ሻንጣዋን ገና ሳታራግፍ ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቿን ደረደርኳቸው። ፖስታውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ነው የመጣችው።

«ይሄ ይከፈትና እንየው» አልኳት።

«እትዬ፣ ሬጅስትራሯ አደራ አይከፈት ብላኛለች።»

«እሷ እዚያ ተቀምጣ ስለዚህ አገር ምን ታውቃለች? ስምሽ ተሳስቶ ቢሆንስ? እዚህ አንዲት ፊደል ዓመት ታመላልስሻለች!»

«ግን እኮ...»

«ግን የለም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

እውነቱን ልናገር? አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ አስተማሪ ነበርኩ፤ ዲፕሎማዬን ግን እዚህ አገር ለማንም ቢሮ አሳይቼው አላውቅም። እንቢ ብባል ብዬ ፈርቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እዚያው ነው እስካሁን። ይህን ለልጅቷ ከምነግራት ቢላዋ ማንሳት ቀለለኝ። ክዳኑን በቢላዋ ላጥ አደረግኩት። ውስጡ አንድም ስህተት የለም፣ ስሟ፣ ቀኑ፣ ነጥቧ፣ ሁሉም ልክ። «ይኸው፣ አየሽ!» አልኩና መልሼ በሙጫ ለጠፍኩት። ከማህተሙ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነበር ያረፈው። ስለጥፈው የፀጉር ያህል ተዛነፈ። «አይዞሽ፣ ማንም አይለየውም» አልኳት። ልጅቷ ፖስታውን መልሳ በፎጣው ጠቀለለችው።

ማክሰኞ አብረን የስልጠናው መመዝገቢያ ቢሮ ሄድን፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ። የመስኮቷ ሠራተኛ ትሁት ሴት ናት። ፖስታውን ተቀበለች፣ ጣቷን በክዳኑ ላይ አስኬደች፣ መብራት ስር አስጠግታ አየችው።

«ይህ ተከፍቷል» አለች። «ማን ነው የከፈተው?»

ጥያቄዋ ገብቶኛል። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት አገር ቋንቋ ነው፣ እንዴት አይገባኝም? የእህቴ ልጅ ግን «ምን አለች?» አለችኝ።

«ማን ከፈተው ነው የምትለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ታላቅን በሰው ፊት አታዋርጂ ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ያሳደግናትም እኛው ነን። «እኔ ነኝ በያት፣ እትዬ» አለች።

እኔም ተረጎምኩ። «እሷ ናት የከፈተችው» አልኩ፣ ጥርት አድርጌ፣ አንዲት ቃል ሳልሳሳት። አፈር ልብላ!

ሴትየዋ ፖስታውን መለሰችልን። ትምህርት ቤቱ አዲስ አሽጎ ራሱ በቀጥታ ይላክ አለች። ያ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ምዝገባው የሚዘጋው አርብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ለሚቀጥለው ዓመት። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሳይ ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ እትዬ፣ ዓመት ምን አላት» ትለኛለች። እሷ ናት እኮ እኔን የምታጽናናኝ!

በማግስቱ እህቴ ደወለች። ልጅቷ ቀድማ ነግራታለች፣ ያንኑ ውሸት። «ይቺ ቀበጥ ፖስታውን ከፍታ አሳፈረችሽ አይደል?» አለችኝ።

ምን ብላት ጥሩ ነው? «ልጅ ናት፣ ተያት» አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

ዓመቱን ዝም ብላ አትቀመጥ ብዬ እኔው ሆቴላችን አስገባኋት። አራት ወር ጋሪ ስትገፋ፣ አንሶላ ስትቀይር ኖረች። ቋንቋውንም እዚያው ለቃቀመች። የሚደውልልኝ ሰው አልቀነሰም፤ እኔ ግን መምከሩን እየተውኩት መጣሁ። አንዷን ደዋይ «አላውቅም፣ ቢሮውን ራሱን ጠይቂ» ስላት «ኤምባሲው ተዘጋ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪያችን የእህቴ ልጅ ያነጠፈችውን አልጋ አየችና ሁላችንንም ጠራችን። የአንሶላው ጥግ ሰያፍ ተጣጥፎ ተሰክቷል፤ ጨርቁ ተወጥሯል፣ አንድ ሽብሽብ የለውም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ጠቅጥቄ ነው የምሰካው።

«ማን አስተማረሽ?» አለቻት ተቆጣጣሪዋ።

ልጅቷ ወደ እኔ እያየች፣ በአዲሱ ቋንቋዋ፣ «አክስቴ» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ ፈገግ ፈገግ እያለ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቺ ልጅ እስከ መቼ ትሸከመኛለች?

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ሆስፒታል ነው የተማረችው። ነርስ ናት። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ፖስታ?» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ግራ ገብቷት። ልጅቷ ትራሱን አቅፋ አንገቷን ደፋች።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለእህቴ ደወልኩ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም።

«ስሚኝ። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጅሽ አይከፈት ብላኝ ነበር። ቢሮም ስንጠየቅ በእሷ ያላከክሁት እኔ ነኝ።»

«ሰማሽኝ?» አልኳት።

«ሰማሁሽ» አለች እህቴ። «አውቃለሁ እኮ። ያቺ ልጅ የተከደነ ድስት እንኳ ሳይፈቀድላት ከፍታ አታውቅም። በእናታችን ቤት የተከደነ የምትከፍቺው አንቺ ነበርሽ፣ የምገረፈው ደግሞ እኔ። አራት ወር ሙሉ መች ትነግሪኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»