ለሙሴ ሙሴ የለውም

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ወንድሜን በሰው ፊት በጥፊ መታው።

በማግስቱ ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ደባርቅ፣ እኛ ሰፈር ያለው የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ አባቴ ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ነው። ሙሴ የሚባለው አባላቱን የሚመራው፣ ሲጣሉም የሚያስታርቃቸው ሰው ነው። ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ተነሥቶ «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ፣ ሳይታረቅ አይጠጣም። ይህን ጥያቄ ከአባቴ አፍ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ጥፊው ያረፈ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ከዳባት ገና መግባቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ እዚያ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ከጀመርሁ መንፈቅ አልሞላኝም። ግቢያችን ውስጥ አንድ የማኅበሩ አባልና ሚስቱ ተቀምጠዋል፤ ከማኅበሩ ቀን በፊት አባቴ ሊያስታርቃቸው ነው። ሴትዮዋ ግንባሯን በሻሽ ጠምጥማለች።

«እንጨት ስትለቅም ወድቃ ነው እንጂ እኔስ እጄን አላነሣሁባትም» አለ ባልየው።

አባቴ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ «በይ ልጄ፣ ነገር አታክብጂ፤ ቤትሽን ያዢ» ሲላት፣ ለድግሱ እንጨት ይፈልጥ የነበረው ወንድሜ ቀና አለ።

«አባዬ፣ ውሸት ነው። በዱላ ሲመታት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«አንተ ነሃ! ያየ ይመስክር አላልህም?»

ጥፊው ያን ጊዜ አረፈ። ባልየው ከንፈሩን መጠጠና «የዛሬ ልጅ!» አለ። ወንድሜ መጥረቢያውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ «ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም» ብሎ ወጣ። እኔ ሻንጣዬን እንደያዝሁ ቆሜ ነበር።

ማምሻውን ጋቢውን ይዤለት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የአክስታችን ቤት ሄድሁ።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሊማሊሞን የሚወርድ አይሱዙ አግኝቻለሁ። ሽሬ ድረስ ይወስደኛል» አለኝ።

«ሽሬ ማን አለህ?»

«የሚመታኝ የለም።»

«ተው እንጂ። ነገ እኮ ማኅበሩ ነው።»

«እሱ ራሱ መጥቶ ካልጠራኝ አልመለስም። አንቺ ደግሞ እግዜር ይስጥሽ፤ ስመታ እንደ ምሰሶ ቆመሽ አየሽኝ።»

እውነቱን ነው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌለት ወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ጠላ ታጠልላለች። አባቴ ከወዲያኛው ክፍል እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ የሰማሁትን ነገርኋት። ዓይኗን ከማጥለያው ሳታነሣ «የሰውን ሁሉ ነገር የሚያይ እሱ ነው፤ የእሱን ማን ይይለት?» አለች። «ለሙሴ ሙሴ የለውም፣ ልጄ።»

ልጆች ሳለን የሙሴን ታሪክ የነገረን አባቴ ነው። ሙሴ ዓለቱን በቃል እንዲናገረው ታዘዘ፤ እሱ ግን በሕዝቡ ተቆጥቶ በበትሩ መታው። ውኃው ወጣ። ሙሴ ግን የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ አያት እንጂ አልገባባትም። «ዓለት እንኳ በቃል ይሰማል» ይለን ነበር አባቴ። እራት ላይ ይህን ላስታውሰው አሰብሁ።

«አባዬ፣ ያ ስለ ዓለቱ የነገርኸን…»

«ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ እኔን እንድትሰብኪኝ ነው?»

ወጥ ጨመርሁለት። አባቴ ግን ከሁለት ጉርሻ በላይ አልበላም።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲሰበሰብ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። እናቴ «ጽዋውን ሙዪና አቅርቢ» አለችኝ። ጓዳ ገብቼ በቅሉ ከጋኑ ጠላ ቀዳሁ፤ ግን «ሳይታረቅ አይጠጣም» የሚለው ትዝ አለኝ። መልሼ ጋኑ ውስጥ ጨመርሁት። ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ባዶውን ጽዋ በልብሱ ሸፍኜ ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ተነሥቷል። «የተቀያየመ አለ?» አለ፤ ማንንም ሳያይ፣ ቶሎ ብሎ።

«ሙሴያችን ያላስታረቀው ማን ቀረና!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሣቀ። ትናንት ግቢያችን የነበረው ባልም አብሮ ሣቀ። ሚስቱ ከሴቶቹ ጋር አንገቷን ደፍታለች።

ጽዋውን በሁለት እጄ አባቴ ፊት አኖርሁት። ቄሱ እንዲባርኩት ሊያቀርብላቸው ሲያነሣው እጁ ሳያስበው ከፍ ብሎ ሄደ። የቀለለበት እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም አላወቀም። ቀና ብሎ አየኝ። ሁልጊዜ ዓይኔን የምሰብር እኔ ነበርሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሰበርሁም።

ጽዋውን መልሶ አስቀመጠ።

«አባ፣ ጥቂት ይታገሡኝ። የተቀያየመስ አለ።»

«ማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኝ። ከልጄ ጋር።» ወደ ባልየው ዞረ። «አንተም እንዳትሄድ። የትናንቱ ነገር አላለቀም፤ ምስክር ሳልሰማ ነው የፈረድሁት።»

ዱላውን እንደ ልማዱ አነሣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ባዶ እጁን ወደ መናኸሪያው በኩል ሲፈጥን አየሁት። አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

እናቴ ከጋኑ ምንም አለመጉደሉን አይታ ቅሉን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ? ጽዋውን አልሞላሽውም እንዴ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልሁና ቅሉን ተቀብያት በሩ አጠገብ ቆምሁ።