ከቫንኩቨር ደብሊን ይቀርባል

በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በሴንት ጆንስ ወደብ የፊሎሚና ኪሊን ምላስ የማያውቅ አልነበረም። ዓሣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ዓሣውንም አለቃውንም እኩል ስትበልት ኖራለች። ባሏን ቀብራ ሰባን ከተሻገረች ወዲህ ግን የቀራት ሥራ አንድ ነበር፦ በምዕራቡ ጫፍ ቫንኩቨር ለሚኖረው ልጇ ለጄራርድ «አልመጣም» ማለት።

«እማዬ፣ ቲኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

«አውሮፕላን እየቀያየርኩ ቀኑን ሙሉ ልቀመጥ? ወገቤ ይችለዋል?»

ጄራርድም ለወገቧ አዝኖ ይተዋታል።

አንድ መስከረም ጎረቤቷ ኒሽ፣ ሚስቱ የሞተችበት አኮርዲዮን ተጫዋች፣ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ።

«አየርላንድ፣ ደብሊን ለሙዚቃ ጠርተውኛል። አብረን እንሂዳ!»

«ውቅያኖስ ተሻግሬ?»

«አንቺ ሴት፣ ደብሊን ከልጅሽ ቤት ይቀርባል! አንድ በረራ ነው፤ አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ነፋሱም ከኋላ ይገፋናል።»

አላመነችውም። ገብታ ካርታው ላይ በስንዝር ለካች። እውነቱን ነው። ወገቧ እዚያው ዳነ።

ለጄራርድ «ጉንፋን ጥሎኛል፣ ስልክ አላነሳም» አለችው፤ የቤቷን ቁልፍ ለወዳጇ ለብራይድ ሰጥታ በረረች።

ጄራርድ ግን አንጀቱ አልቻለም። ሥራውን ጥሎ፣ ቶሮንቶ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ፣ የገዛ ወገቡን ይዞ እናቱ ደጅ ደረሰ። በሩን የከፈተችለት ብራይድ ናት።

«እናቴስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።»

«መቼ ሄደች?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ አርብ ነው!»

«ጸሎት ታበዛለች» አለች ብራይድ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል።

ስልኩ ሲጮህ ፊሎሚና ደብሊን መጠጥ ቤት ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ ትጨፍር ነበር። ሳታስበው አነሳችው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ደረቴ ነው ልጄ። ጉንፋኑ።»

«ጉንፋን አኮርዲዮን ይጫወታል እንዴ?»

 በመጨረሻ ያለችበትን ነገረችውና፣ «ካንተ ቤት ግን ይቀርባል፤ ከፈለግህ ለካው» ስትል አከለችበት።

 ጄራርድም፣ «ልጆቼ እኮ አያታቸውን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቋት» አለ። ጭፈራው ከእግሯ ወጣ።

ሲመለሱ ነፋሱ ከፊት ስለነበር መንገዱ ረዘመ። ሰበብ ለመፍጠር ጊዜው ነበራት፤ አንድም አልመጣላትም። ጄራርድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ቦርሳዋን የተሸከመውን ኒሽን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ሐኪሟ እርስዎ ነዎት?»

«የማክመው ወገብ ብቻ ነው» አለ ኒሽ።

ጄራርድ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳቅ አመለጠው።

ለገና ፊሎሚና ቫንኩቨር ሄደች። አብራሪውንም፣ ወንበሩንም፣ ቶሮንቶንም ስትረግም ውላ ደረሰች። የልጅ ልጆቿ አንገቷ ላይ ሲጠመጠሙ እርግማኑን ትታ አለቀሰች። በሳምንቱ ምራቷ የገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ ማንኪያ ለማንሳት አማቷን ማስፈቀድ ጀመረች።